መታገሥ ማጽደቅ ነውን?



ረጅም ልብ ወለድ ማንበብ ከአንድ ሰው ጋር ረጅም መንገድ እንደ መጓዝ ነው። ባልንጀራው መልካም ጠባይ ያለው እንደ ሆነ መንገዱ ያጥራል፤ ጠባዩ የሚያስቸግር እንደ ሆነ ግን አንዱ ምዕራፍ እንደ አሥር ምዕራፍ ይረዝማል። ከመካከላችን «ይህችስ ሴት አበሳጨችኝ» ብሎ የጀመረውን መጽሐፍ ከእኩሌታው የዘጋ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው በደለኛ አንለውም። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተሸሽጎ ይገኛል። ይኸውም፦ የማንወደውን ሰው፣ ጥፋቱን በዓይናችን እያየን፣ እስከ መጨረሻው ልንታገሠው ይገባናልን? ብንታገሠውስ ሥራውን እንዳጸደቅንለት ይቈጠርብናልን? የሚል ነው። ጥያቄው በመጽሐፍ ይጀምራል እንጂ በመጽሐፍ አያበቃም። በየቤታችን፣ በየሥራ ቦታችንና በየማኅበራችን የሚያበሳጨን ሰው አለና።

ጥያቄውን ለመመርመር እንዲረዳን በዓለም ላይ እጅግ ከተነበቡት ረጃጅም ታሪካዊ ልብ ወለዶች አንዱን መርጠናል። እርሱም አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል የጻፈችው፣ በእኛ ቋንቋ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የተተረጐመው መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሚቸል በ1900 በጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ ተወለደች። በጋዜጠኝነት ስትሠራ ቆይታ በ1926 ቁርጭምጭሚቷን አሟት ከቤት በዋለችበት ጊዜ መጻፍ ጀመረች። መጽሐፉ በ1936 ታተመ፤ የመጀመሪያው እትም ከ1000 ገጽ በላይ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ በ1939 ደግሞ ፊልም ሆነ። ደራሲዋ በሕይወቷ ሌላ ልብ ወለድ ሳታሳትም በ1949 በመኪና ተገጭታ ሞተች።

መጽሐፉ ወደ አማርኛ የመጣበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። ተርጓሚው ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኰንን ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ መጽሐፉን የተረጐመው በደብተር ላይ አልነበረም፤ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ወረቀት ላይ ነበር። ሺሕ ገጽ የሚያልፈውን መጽሐፍ በእነዚያ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ላይ በደቃቅ ጽሕፈት አሠፈረው፤ ወረቀቶቹም በድብቅ ከእስር ቤት እየወጡ በኋላ በመጽሐፍ መልክ ለመታተም በቁ። እንግዲህ እኛ በሰላም ተቀምጠን፣ መብራት አብርተን፣ «ረዘመብኝ፤ ባለታሪኳም አናደደችኝ» ስንል፣ ይህንኑ መጽሐፍ ቃል በቃል በሲጋራ ወረቀት ላይ የቀዳ ሰው እንደ ነበረ ማሰብ ተገቢ ነው። «ነገ» የሚለው ቃል ለታሰረ ሰውና ለነጻ ሰው አንድ ዓይነት ክብደት የለውም።

ባለታሪኳ ስካርሌት ኦሃራ ትባላለች። ታሪኩ በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ይነሣል። ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ታራ በሚባለው ርስታቸው ላይ ጥጥ በባሮች ጉልበት ያስመርታል። አሽሌ ዊልክስ የሚባል ጐረቤታቸውን ትወዳለች፤ እርሱ ግን ሜላኒ ሃሚልተንን ሊያገባ ነው። ስካርሌት በእልህ የሜላኒን ወንድም ቻርልስን አገባች። እርሱም ጥቂት ሳይቈይ በጦር ሰፈር ታምሞ ሞተ። በ1864 መስከረም መግቢያ ላይ የሰሜኑ ጦር አትላንታን ሊይዝ ሲል፣ ሜላኒን ያዋለደቻት ይህችው የምትጠላት ስካርሌት ናት። በዚያው ሌሊት አራሷንና ሕፃኑን በጋሪ ጭና በሚቃጠል ከተማ መካከል ወደ ታራ ሸሸች። ታራ ስትደርስ እናቷ ሞታለች፤ የአባቷ አእምሮ ታውኳል፤ እኅቶቿ በሕመም ተኝተዋል፤ በጎተራ እህል የለም። ያን ጊዜ የ19 ዓመቷ ወጣት ዳግመኛ እንዳትራብ ለራሷ ማለች። እርሻ ገብታ ጥጥ ለቀመች፤ እጇ ቈሰለ፤ ቤተሰቡም ከሞት ተረፈ።

እስከዚህ ድረስ ያለችውን ስካርሌት የማያደንቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ለታራ ግብር 300 ዶላር ያስፈለጋት ጊዜ የገዛ እኅቷን እጮኛ ፍራንክ ኬኔዲን በውሸት አታልላ አገባች። የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ገዛች። ርካሽ ጉልበት ስትፈልግም ከመንግሥት እስረኞችን ተከራየች። ልጆቿን ቸል አለች። ሦስተኛ ባሏ ሬት በትለር እየወደዳት፣ እርሷ ግን የማይሆናትን አሽሌን 12 ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛ ኖረች። አንባቢው በየምዕራፉ «ምነው አሁን እንኳ ብታይ!» ይላል፤ እርሷ ግን አታይም። ሊያስጨንቃት የሚመጣውን ሐሳብ ሁሉ ለነገ ታሳድረዋለች። ነገም ሲመጣ ለሌላ ነገ ታስተላልፈዋለች። የሚያበሳጨን ክፉ መሆኗ ብቻ አይደለም፤ ከክፉ ሰውማ ምንም ስለማንጠብቅ ብዙ አንበሳጭም። ደግ ለመሆን የሚበቃ ብርታት እያላት አለመሆኗ ነው የሚያበሳጨን።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «እንዲህ ያለችውን ሴት ሺሕ ገጽ ሙሉ የምታገሠው ለምንድር ነው?» የሚል ሰው ቢነሣ ምን እንመልስለታለን?

የመጀመሪያው መልሳችን እንዲህ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ሥሩን ሳናይ በቅጠሉ ብቻ ብንፈርድ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። የስካርሌትን ሥር ስንመረምር አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም ብርታቷና ጥፋቷ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸው ነው። እናቷ በሞተችበት ሳምንት ቁጭ ብላ ብታለቅስ ኖሮ ሕፃኑ፣ አራሷና ሕሙማኑ በራብ ባለቁ ነበር። ኀዘንን ለነገ ማሳደር ያን ቀን ሕይወት አዳነ። ነገር ግን ኀዘንን ማሳደር የለመደ ልብ ቀስ በቀስ ጸጸትንም ማሳደር ይለምዳል። ትናንት እንባዋን ያቈየችበት ያው ጕልበት ዛሬ የኅሊናዋን ድምፅ ያፍንበታል። ይህን በአጭር ታሪክ ማሳየት አይቻልም። በአሥር ገጽ ተጽፎ ቢሆን «ጨካኝ ሴት» ብለን በተውናት ነበር፤ ልማድ ጠባይ የሚሆነው በዘመን ብዛት ስለ ሆነ፣ እርሱን ለማሳየትም ብዙ ገጽ ያስፈልጋል። ረጅሙን መጽሐፍ ስንታገሥ የምናገኘው አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ መልካም የነበረ ነገር በየት በኩል አልፎ ክፉ እንደ ሆነ እናያለን። ይህንም ማወቅ ስካርሌትን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በራሳችን ውስጥ ያለውን ያንኑ መንገድ ለይተን እንድናውቀው ነው።

ሁለተኛው መልሳችን የታሪካዊ ልብ ወለድን ጠባይ የሚመለከት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከባለታሪኩ ይልቅ ሁልጊዜ ብልኅ መስሎ ይታያል፤ ምክንያቱም መጨረሻውን ያውቃል። ጦርነቱ በ1865 በደቡቡ መሸነፍ እንዳበቃ እናውቃለን። በመጽሐፉ መጀመሪያ ወጣቶቹ በአንድ ወር እንደሚያሸንፉ ሲፎክሩ፣ ሬት በትለር ብቻ ደቡቡ የመድፍ ፋብሪካ እንኳ እንደሌለው ሲነግራቸው፣ እኛ ከሬት ጋር ሆነን በሌሎቹ እንሥቃለን። ነገር ግን ይህ ዕውቀታችን የእኛ ብልኅነት አይደለም፤ ኋላ መወለዳችን ብቻ ነው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ ዘመን የጣለውን ሰው መቍረጥ ቀላል ነው። ስለዚህ በባለታሪክ ላይ ከመፍረዳችን በፊት «እርሷ በዚያች ቀን ምን ልታውቅ ትችል ነበር?» ብሎ መጠየቅ የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። «በዘመኑ አይታወቅም ነበር» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ እውነት፣ አንዳንድ ጊዜ ግን መሸሸጊያ ነው። ጦርነቱን ማን እንደሚያሸንፍ በ1861 ማንም በእርግጥ አላወቀም። ሰውን መሸጥና መለወጥ ክፉ እንደ ሆነ ግን ታውቆ ነበር። ፍሬድሪክ ዳግላስ ከባርነት አምልጦ የሕይወት ታሪኩን በ1845 አሳትሟል። የሃሪየት ቢቸር ስቶው መጽሐፍም በ1852 ወጥቶ አገሩን ሁሉ አናውጧል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ በ1860 የሕዝብ ቈጠራ በአሜሪካ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ነበር፤ በጆርጂያ ብቻ ከ460 ሺሕ በላይ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ባርነት ክፉ መሆኑን ያውቁ ነበር። «በዘመኑ ማንም አላወቀም» የሚል ሰው እነርሱን ከሰው ቍጥር አስወጥቷቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ የዘመንን ሰበብ ስናቀርብ «ማን አላወቀም?» ብለን እንጠይቅ።

እዚህ ላይ የረጅም መጽሐፍ አደጋ ይገለጣል። ሺሕ ገጽ ከአንድ ሰው ጋር የተጓዘ አንባቢ ሳያስበው የዚያን ሰው ዓይን ይዋሳል። ለዚህ ሜላኒን እንመልከት። ስካርሌት ሜላኒን ደካማና ሞኝ አድርጋ ስለምታያት፣ በመጽሐፉ መጀመሪያ ለአንባቢውም እንዲሁ ትታየዋለች። ነገር ግን ሌባው ወታደር ቤት ገብቶ ስካርሌት በሽጕጥ በገደለችው ጊዜ፣ ሰይፍ እየጐተተች ከሕመም አልጋዋ የተነሣችው ሜላኒ ናት። ሰው ሁሉ ስካርሌትን ባማ ጊዜ ከጐኗ የቆመችው ሜላኒ ናት። ስካርሌት ይህን የተረዳችው ሜላኒ በምትሞትበት ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ የታገሠ አንባቢ ከመጽሐፉ ዋና ትምህርት ይደርሳል፤ ይኸውም አንድን ሰው ዓመታት ሙሉ እያዩ አለማየት እንደሚቻል ነው።

ነገር ግን ደራሲዋ ስለ ሜላኒ የሰጠችንን የዓይን መድኃኒት ስለ ሌሎቹ አልሰጠችንም። ፕሪሲ የምትባለው ባሪያ ልጅ በአትላንታው ጭንቀት ጊዜ በጥፊ ትመታለች፤ እኛም ከስካርሌት ጋር ሆነን በልጅቱ እንድንናደድ ተደርጎ ተጽፏል። የሚከበበው ከተማ ለፕሪሲም ከተማዋ ነበር፤ ፍርሃቱም ፍርሃቷ ነበር። ማሚ የምትባለው ሞግዚት ለሌሎች ስትደክም እናያታለን፤ የራሷ ሐሳብና ምኞት ግን ምን እንደ ነበረ አንድ ምዕራፍ እንኳ አይነገረንም። ነጭ ካባ ለብሰው በሌሊት ጥቁሮችን ይገድሉ የነበሩት የኩ ክላክስ ክላን አባላት በዚህ መጽሐፍ የሴቶች ጠባቂዎች መስለው ይቀርባሉ። በእውነተኛው ታሪክ ግን የእነርሱ ግፍ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1871 የሚቀጣቸውን ልዩ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል። መጽሐፉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1935፣ ጥቁሩ ሊቅ ዊልያም ዱ ቦይስ ስለዚያው ዘመን ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በእርሱም ነጻ የወጡት ሰዎች ለራሳቸው ነጻነት እንደ ታገሉ፣ በደቡቡም ለሕዝብ ሁሉ የሚሆን ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ ትልቅ ድርሻ እንደ ነበራቸው አስረድቷል። ሁለቱ መጻሕፍት ስለ አንድ ዘመን ተጽፈው ስለ ሁለት ዓለም የሚናገሩ ይመስላሉ።

ይህ አለማየት በመጽሐፉ ገጽ ላይ ብቻ አልቀረም። ፊልሙ በታኅሣሥ 1939 በአትላንታ በታላቅ በዓል ሲመረቅ፣ ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ከነጮች ጋር እንዳትቀመጥ የሚከለክል የዘር መለያየት ሕግ ስለ ነበረ በበዓሉ አልተገኘችም። በ1940 የኦስካርን ሽልማት ስትቀበል፣ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆና ሳለ፣ ከባልደረቦቿ ተለይታ በአዳራሹ ዳር በቆመ ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጣ ነበር። ስለ ደራሲዋ ፍትሕን ለመጠበቅም ይህን መጨመር ይገባናል፤ ሚቸል በኋላ ዘመኗ የሞርሃውስ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በነበሩት በቤንጃሚን ሜይስ በኩል ለጥቁር የሕክምና ተማሪዎች በስውር ገንዘብ ትረዳ ነበር። ሰው እንዲህ ነው። በብዕሩ ያላየውን አንዳንድ ጊዜ በእጁ ያያል። ለዚህም ነው ሰውን አንድ ጊዜ ፈርደን መጨረስ የማይቻለን።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን ግን የእስረኞቹ ነገር ነው። ባርነትን የሻረው የ1865ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በወንጀል የተፈረደበትን ሰው በግዳጅ ማሠራትን አልከለከለም። በዚህ ቀዳዳ የጆርጂያ መንግሥት ከ1868 እስከ 1908 ድረስ እስረኞችን ለባለሀብቶች ያከራይ ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። ስካርሌትም እንዲህ ያሉትን ትከራያለች። አንድ ቀን ወደ ፋብሪካዋ ሄዳ ሰዎቹ በራብና በግርፋት እንደ ተጐዱ፣ ሹሙም ለምግባቸው የተሰጠውን እንደሚሸጥ በዓይኗ ታያለች። ትቈጣለች። ሹሙ ግን «እንግዲያው እተወዋለሁ» ቢላት፣ ከእርሱ የምታገኘውን ትርፍ አስባ ዝም ትላለች፤ ነገሩንም እንደ ልማዷ ለነገ ታሳድረዋለች። ዳግመኛ ላለመራብ የማለችው ሴት የሌላውን ራብ አይታ አለፈች። ራብን የምታውቅ ሴት ናት! ብዙ ሰው «መከራ ልብን ያራራል» ይላል። መጽሐፉ ግን መከራ ልብን ሊያራራም ሊያደነድንም እንደሚችል ያሳየናል።

አሽሌ በዚህ ነገር ይቃወማታል፤ በሌላው ሰው መከራ ገንዘብ ማግኘት እንደማይፈልግ ይነግራታል። እርሷም ባሮች እንደ ነበሩት ታስታውሰዋለች። እርሱ የእርሱ ባሮች እንዳልተጐሳቈሉ፣ አባቱም ሲሞት ነጻ ሊያወጣቸው ያስብ እንደ ነበረ ይመልሳል። ይህን ቦታ ስናነብ ቆም ማለት አለብን። በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያስፈልገውን ጥያቄ የጠየቀችው ያች የምታናድደው ሴት ናት። ትክክለኛ ለመሆን አልጠየቀችም፤ ለመርታት ነው። ግን ጥያቄው እውነት ነው። ያማረ ቃል የሚናገረው አሽሌ ትናንት ከምን እንደ በላ ረስቷል። ስለዚህ የሚያናድደን ሰው በተናገረ ጊዜ ጆሯችንን መድፈን አይገባንም። እውነት በማንወደው አንደበት ልትመጣ ትችላለች።

ከዚህም የሚከተለው ለእኛ ለወጣቶች እጅግ የቀረበ ነው። በታራ ያሉት ሁሉ የስካርሌትን እንጀራ ይበላሉ። ግብሩ የተከፈለው እርሷ በውሸት ባገኘችው ገንዘብ ነው። እኅቶቿ በእርሷ ያዝናሉ፤ በማዕዷ ግን ይቀመጣሉ። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ቤት ጥቂት አይደለም። አንዲት ታላቅ እኅት ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡን ትሸከማለች፤ በንግድም ይሁን በሰው አገር ሥራ ታናናሾቿን ታስተምራለች። በዚያ መካከል ምላሷ ይመራል፤ ልቧ ይጠነክራል፤ ሒሳብና ትእዛዝ እንጂ ፍቅር ያለባት አይመስልም። የተማሩት ታናናሾች ሲያድጉ ጠባይዋን ያማሉ። ዝም ብለው እየበሉ ቢያሟት «ወጪት ሰባሪ» ይሆናሉ። ስለበሉ ብቻ ጥፋቷን ሁሉ «ልክ ነው» ቢሏትም እርሷንም እርሷ የምትበድለውንም ይጐዳሉ። እንግዲህ ምን ያድርጉ?

በእኛ አስተያየት መልሱ ከሁለቱ መካከል አይደለም፤ ከሁለቱ በላይ ነው። የበላ ሰው ከፍርድ በፊት ሸክም መካፈል አለበት። «እኅቴ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ተሸክመሻል፤ አሁን እኔም ልሸከም» ያለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ «ይህ ግን በደል ነው፤ በቤት ሠራተኛዋ ላይ ይህን አታድርጊ» ለማለት አፍ አለው። ሸክሙን ሳይካፈል የሚወቅስ ሰው አሽሌን ይመስላል፤ ቃሉ ያማረ ነው፣ እጁ ግን ባዶ ነው። ሜላኒ ለስካርሌት ያላት ታማኝነት ከአንጀት ነው፤ ጥጡንም አብራት ለቅማለች። ነገር ግን ሜላኒም ቢሆን የስካርሌትን ክፋት ማየት አልፈለገችም፤ ሁሉን በበጎ ተረጐመችላት። ፍቅሯ ታላቅ ነበር፤ የእስረኞቹን ሰንሰለት ግን አላላላም። ፍቅር ዓይኑን ከጨፈነ ለወደደው ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለተበደለው ሰው ግን አይደርስለትም። ስለዚህ የሜላኒን ታማኝነት ወስደን የተከፈተ ዓይን ልንጨምርበት ያስፈልገናል።

እንግዲህ የተናገርነውን በሦስት ነጥብ እንሰብስበው።

አንደኛ፤ መታገሥ ማጽደቅ አይደለም። መታገሥ ማለት ፍርዳችንን ነገሩን እስክንጨርስ ማቈየት ነው፤ ማጽደቅ ግን ፍርድን ጨርሶ መተው ነው። ረጅም መጽሐፍን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ከማንም ይልቅ በባለታሪኩ ላይ የመፍረድ መብት አለው፤ ሥሩንም ፍሬውንም አይቷልና። ሰውንም ቢሆን በቅርብ አብሮ የኖረ እንጂ በሩቅ ያየ አያውቀውም።

ሁለተኛ፤ የተዋስነውን ዓይን መመለስ አለብን። ከአንድ ሰው ጋር ብዙ በተጓዝን ቍጥር እርሱ የማያየውን እኛም ማየት እንተዋለን። መጽሐፉን ስንዘጋ «እዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ነበረ፣ ያልተናገረ? በማን እንድንሥቅ፣ በማንስ እንድንናደድ ተደረግን?» ብለን እንጠይቅ። በቤታችንም እንዲሁ ነው፤ ስለ ታላቋ እኅትና ስለ ታናናሾቿ ስንከራከር በጓዳ ያለችውን ልጅ እንዳንረሳት።

ሦስተኛ፤ ነገ የተሰጠን ለተስፋ ነው እንጂ ኅሊናን ለማሳደሪያ አይደለም። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለውን አርእስት አንድ እስረኛ በሲጋራ ወረቀት ላይ ሲጽፈው ቃሉ ተስፋ ነው። በራብ የከሱ ሰዎችን አይታ ያለፈች ሴት ነገሩን ለነገ ስታሳድረው ግን ያው ቃል ማምለጫ ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ማድረግ የሚቻለንን አድርገን እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው። ዛሬ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ የቀረውን ለነገ የተወ ሰው ይተኛ፤ የሚገባውም ነው። ዛሬ ሊያደርገው የሚችለውን ትቶ «ነገ አስብበታለሁ» ያለ ሰው ግን የእርሱ ነገ የሌላው ሰው ዛሬ መሆኑን ያስብ። እነዚያ እስረኞች የተራቡት ያን ዕለት ነበርና።

ውድ አንባብያን፤ ከቤታችሁ መደርደሪያ ላይ በመካከሉ የተዘጋ ወፍራም መጽሐፍ ካለ አንሡት። በልባችሁም እንዲሁ በመካከሉ የዘጋችሁት ሰው ካለ ሂዱና ጠይቁት። ስታነቡትም፣ ስትጠይቁትም፣ ዓይናችሁን ክፈቱ።